የሟቾች ቁጥር ለምን ይለያያል? የትኛውንስ ልጥቀስ?

ጥያቄ፦ «በፖለቲካዊ ጥቃትና በሽግግር ፍትሕ ላይ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ስለ አንድ ግጭት የተጻፉ ምንጮችን ሳነብ የሟቾቹ ቁጥር ከምንጭ ምንጭ በእጥፍና ከዚያም በላይ ይለያያል። አማካሪዬ ‹አንዱን መርጠህ ምክንያትህን አስረዳ› ይሉኛል። የትኛውን ልመን? ደግሞስ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች በየዓመቱ የሚመዘግቡትን የጥሰት ብዛት ወስጄ ጥቃቱ ጨመረ ወይም ቀነሰ ብዬ መደምደም እችላለሁ?»

ምላሽ፦ በሁለተኛው ጥያቄዎ እጀምራለሁ፤ እርሱ ሲፈታ የመጀመሪያውም ግማሽ መንገድ ይሄዳልና። የተመዘገበ ጥሰት ብዛትና የተፈጸመ ጥሰት ብዛት የተለያዩ መጠኖች ናቸው። በአንድ ዓመት መዝገብ ላይ የሰፈረው ቁጥር ሁለት ነገሮች ተባዝተው የሰጡት ውጤት ነው፤ አንዱ በዚያ ዓመት የደረሰው ጥቃት ሲሆን፣ ሌላው ያ ጥቃት ከመዝጋቢው ዘንድ የመድረስ ዕድሉ ነው። ይህ ዕድል ከዓመት ዓመት፣ ከቦታ ቦታ፣ ከአጥፊ ወገን አጥፊ ወገን ይለዋወጣል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲወርድ ያዩ እንደሆነ የወረደው ጥቃቱ ይሁን ወይም መዝጋቢው የማየት አቅሙ፣ ከቁጥሩ ብቻ ተነሥቶ መለየት አይቻልም።

በዚህ ረገድ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ አስተማሪው የጓቲማላ ነው። ከ1960 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በዘለቀው የዚያች አገር የእርስ በርስ ጦርነት እጅግ የከፋው ግድያ የተፈጸመው በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በተለይም በ1982፣ በገጠር በሚኖረው የማያ ሕዝብ ላይ ነው። ተመራማሪዎች የጊዜውን ጋዜጦች አገላብጠው የግድያ ዘገባዎችን ሲቆጥሩ ግን፣ ጋዜጦቹ ስለ ግድያ መጻፍ የተዉ እስኪመስል ድረስ ዘገባቸው ያሽቆለቆለው ልክ በዚያው ወቅት ሆኖ ተገኘ። ጋዜጠኞች ራሳቸው የጥቃቱ ዒላማ ነበሩ፤ መንደሮች ወደሚቃጠሉበት ደጋማ ገጠር የሚዘልቅ ዘጋቢም አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዓመታት በኋላ ከተረፉት ሰዎች የተሰበሰበው ምስክርነት የግድያውን ጫፍ ያስቀመጠው ጋዜጦቹ ዝም ባሉባቸው ዓመታት ላይ ነው። ጋዜጦቹን ብቻ ይዞ የተነሣ ተመራማሪ እጅግ ደም የፈሰሰበትን ዘመን የመረጋጋት ዘመን ብሎ በሰየመው ነበር ማለት ነው፤ ያውም አንድም ሐሰተኛ ዘገባ ሳይጠቀም።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። አንድ አገዛዝ ሲላላ ድርጅቶች ቢሮ ይከፍታሉ፣ ሰዎች ለመናገር ይደፍራሉ፣ የቆየው በደል ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ መዝገብ ይጎርፋል፤ ሰንጠረዡም ጥቃቱ የባሰ ያስመስለዋል። ከዚህ ሌላ የመዝጋቢዎቹ መስፈርትም ከጊዜ ጊዜ እየጠበቀ ይሄዳል። የአገሮችን የመንግሥት ጭቆና ከ1 እስከ 5 በሆነ ደረጃ የሚመዝነው ‹የፖለቲካዊ ሽብር መለኪያ› የሚሠራው ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል፣ ከሂዩማን ራይትስ ዎች እና ከአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዓመታዊ ዘገባዎች ነው። ክሪስቶፈር ፋሪስ በ2014 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ የእነዚህ ዘገባዎች አዘጋጆች ድሮ ችላ ይሉት የነበረውን በደል ከጊዜ በኋላ መመዝገብና ከበድ አድርገው መመልከት ጀምረዋል፤ በመሆኑም ጥሬው ነጥብ ዓለም ለአሥርተ ዓመታት ምንም እንዳልተሻሻለች ሲያሳይ፣ የመስፈርቱ ለውጥ በስሌት ሲስተካከል ግን መሻሻል ይታያል። በውጤቱ የማይስማሙ ምሁራን አሉ፤ መስፈርት መለወጡን ከግምት ሳያስገቡ የሁለት ዘመን ነጥቦችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ትክክል ነው የሚል ግን ዛሬ ብዙም አያጋጥምም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ልምጣ። ምንጮች የሚለያዩት አንዱ ስለሚዋሽ ነው የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ችኩል ነው። የሚዋሽ ወገን የለም አልልም፤ አጥፊው ወገን ቁጥሩን ዝቅ፣ ተጎጂው ወገን ከፍ የማድረግ ፍላጎት እንዳለው ግልጽ ነው። ነገር ግን በቅን ልቦና የተሠሩ ሁለት ቆጠራዎችም በእጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ምክንያትም የሚቆጥሩት ነገር አንድ አለመሆኑ ነው። የስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የግጭት መረጃ ፕሮግራም አንድን ግጭት ‹የትጥቅ ግጭት› ብሎ የሚመዘግበው በዓመት ቢያንስ 25 ሰዎች ከውጊያ ጋር በተያያዘ ሲሞቱ ነው፤ በሲቪሎች ላይ ሆን ተብሎ የሚፈጸመውን ግድያ ደግሞ በሌላ መደብ፣ ‹የአንድ ወገን ጥቃት› በሚል ያስቀምጠዋል። የግጭት ክስተቶችን የሚመዘግበው አክሌድ የተባለው ድርጅት በበኩሉ ሰው ያልሞተባቸውን ክስተቶች፣ ሰላማዊ ሰልፎችን ጭምር ይመዘግባል። ከሁለቱ የተወሰዱ ቁጥሮችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማነጻጸር፣ አንባቢው ልዩነቱ ካልተነገረው በቀር፣ ማሳሳት ነው።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚሰፋው በቀጥታ በተገደሉና ግጭቱ ባመጣው ረሃብና በሽታ በሞቱ ሰዎች መካከል ነው። የምሥራቅ ቲሞር የእውነት ኮሚሽን በ2005 ባጠናቀቀው ሪፖርት ከ1974 እስከ 1999 ቢያንስ 102,800 ያህል ሰዎች ከግጭቱ ጋር በተያያዘ ሞተዋል ብሎ ገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ የተገደሉት ወይም የተሰወሩት 18,600 ያህል ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ 84,200 ያህሉ የሞቱት በረሃብና በሕመም ነው። እንግዲህ ‹አሥራ ስምንት ሺህ› ያለውም ‹መቶ ሺህ› ያለውም ከአንድ ሪፖርት በትክክል ሊጠቅሱ ይችላሉ። በነገራችን ላይ ይህ ኮሚሽን በምስክርነትና በቤተሰብ ጥናት ብቻ ሳይወሰን የሕዝብ መቃብር ቦታዎችን ዞሮ በመቃብር ድንጋይ ላይ የተጻፉ ስሞችንና ቀኖችን መዝግቧል፤ በመስኩ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ እኔን በብልሃቱ የሚያስደንቀኝ ይኸኛው ነው።

የሚቆጠረው ነገር ትርጉም ግን ሁሉንም ልዩነት አይፈታም። በኢራቅ ላይ ሁለት የቤት ለቤት ጥናቶች ተደርገዋል። በ2006 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ከመጋቢት 2003 እስከ ሐምሌ 2006 ድረስ 654,965 ሰዎች ከመደበኛው በላይ (ጦርነቱ ባይኖር ይሞቱ ከነበሩት በላይ ማለት ነው) ሞተዋል ሲል፣ ለተቀራራቢ ጊዜ የተሠራውና በ2008 የታተመው የኢራቅ የቤተሰብ ጤና ጥናት በጥቃት የሞቱትን 151,000 ያህል አድርጎ ገመተ። ‹ከመደበኛው በላይ የሆነ ሞት› እና ‹በጥቃት የደረሰ ሞት› የተለያዩ መሆናቸው እውነት ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያው ጥናት ከቆጠረው ውስጥ ስድስት መቶ ሺህ ያህሉን በጥቃት የሞቱ ብሎ ስለመደበ ትርጉሙ ብቻውን ክፍተቱን አይሞላውም። የቀረውን ለመረዳት ናሙናውን ማየት ያስፈልጋል፤ አንደኛው በ47 አካባቢዎች 1,849 ቤተሰቦችን ሲጠይቅ፣ ሌላኛው በአንድ ሺህ ገደማ አካባቢዎች 9,345 ቤተሰቦችን ጠይቋል። ጥቃት በየቦታው እኩል አይሠራጭም፤ በጥቂት አካባቢዎች ላይ የተመሠረተ ናሙና ጥቂት የተጎዱ መንደሮች ከገቡበት ግምቱን እጅግ ከፍ፣ ካመለጡት ደግሞ እጅግ ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ከአንድ ጥናት ውስጥ መካከለኛውን ቁጥር ብቻ መዝዞ መጥቀስ አይበቃም፤ ግምቱ የሚዋዥቅበት ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን አብሮ መጠቀስ አለበት።

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንግባ። ኮሚሽኖችና ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርቡት የስም ዝርዝር ነው። በጥንቃቄ የተሠራ የስም ዝርዝር እጅግ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ከዚህ ያነሰ ሰው አልሞተም ለማለት ያስችላል። ከዚህ የበለጠ አልሞተም ለማለት ግን አያስችልም። የአርጀንቲናው የተሰወሩ ሰዎች ብሔራዊ ኮሚሽን በ1984 ሪፖርቱ 8,960 የተሰወሩ ሰዎችን ሲመዘግብ ዝርዝሩ ያልተዘጋ መሆኑን አብሮ ጽፎ ነበር፤ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ደግሞ እስከ ዛሬ 30,000 ይላሉ። በሁለቱ መካከል የሚደረገው ክርክር በአገሪቱ ፖለቲካ ውስጥ አሁንም ይጋጋላል፤ የተመዘገበውን ወለል እንደ ጣሪያ አድርጎ የሚያቀርብ ፖለቲከኛ ባጋጠመዎት ጊዜ የሚያደርገውን ልብ ይበሉ።

ከወለሉ በላይ ያለውን ለመገመት የሚያገለግለው ዋናው ዘዴ ዝርዝሮች የሚጋሯቸውን ስሞች መመልከት ነው። ሐሳቡ የተወለደው የዓሣንና የዱር እንስሳትን ብዛት ከሚገምቱ ተመራማሪዎች ዘንድ ሲሆን፣ ሒሳቡ በቀላል ምሳሌ ይገባል። አንድ ድርጅት 400፣ ሌላው 300 የሟቾችን ስም መዝግበዋል እንበል፤ በሁለቱም ላይ የሚገኙት ስሞች 120 ናቸው። ሁለተኛው ድርጅት ካገኛቸው 300 ሰዎች ውስጥ የመጀመሪያው 120ውን፣ ማለትም 40 በመቶውን አግኝቷል። የመጀመሪያው ድርጅት በጠቅላላው ሟቾች ላይም ያለው ሽፋን ይኸው 40 በመቶ ከሆነ፣ የእርሱ 400 ስሞች የጠቅላላው 40 በመቶ ናቸው፤ ጠቅላላው 1,000 ነው ማለት ነው። ሁለቱ ዝርዝሮች ተደምረው የያዙት 580 ስለሆነ በማንም ያልተመዘገቡት 420 ይሆናሉ። የሚጋሯቸው ስሞች 120 መሆናቸው ቀርቶ 200 ቢሆኑ ጠቅላላው ወደ 600 ይወርዳል። ዝርዝሮቹ ይበልጥ ሲደራረቡ ያልታየው ይቀንሳል፤ ሲራራቁ ያልታየው ይበዛል።

የዘዴው ድካም ያለው ‹ከሆነ› በምትለው ቃል ውስጥ ነው። ሁለቱ ድርጅቶች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም በአንድ ፓርቲ መረብ በኩል መረጃ የሚያገኙ ከሆነ አንዱ ያገኘውን ሌላውም ያገኛል፤ መደራረቡ ይበዛል፣ ግምቱም ከእውነቱ ያንሳል። በተቃራኒው አንዱ የመንግሥት ጦር የገደላቸውን ብቻ፣ ሌላው ዐማፅያን የገደሏቸውን ብቻ የሚመዘግብ ከሆነ መደራረቡ ወደ ባዶ ይጠጋል፣ ግምቱም ያለ ልክ ይተኮሳል። ለዚህ ነው ብርቱ ጥናቶች ቢያንስ ሦስት ዝርዝሮችን የሚፈልጉት፤ ሦስተኛው ሲገኝ ዝርዝሮቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚያያዙ መመርመርና ሒሳቡን በዚያው ልክ ማስተካከል ይቻላል። ከሒሳቡ በፊት ደግሞ ማንም የማያመሰግነው፣ ብዙ ወራት የሚፈጅ ሥራ አለ፤ በሁለት መዝገብ ላይ ያሉ ተመሳሳይ ስሞች የአንድ ሰው ይሁኑ ወይም የሁለት መለየት። የስም አጻጻፍ ይለያያል፣ ቀን በግምት ይሞላል፣ አባትና ልጅ በአንድ ቀን ይገደላሉ። እዚህ ላይ የሚሠራ ስሕተት በቀጥታ ወደ ግምቱ ይሻገራል።

ይህ ዘዴ ምን ሊያሳይ እንደሚችልና የት ላይ እንደሚያከራክር የፔሩ ታሪክ ሁለቱንም ይነግረናል። የአገሪቱ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን በ2003 ሪፖርቱን ሲያቀርብ ከ1980 እስከ 2000 በነበረው ግጭት የሞቱትንና የተሰወሩትን 69,280 አድርጎ ገመተ፤ ወሰኑም ከ61,007 እስከ 77,552 ነበር። ከዚያ በፊት በሰፊው ይነገር የነበረው ከዚህ ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። ይበልጥ ያስደነገጠው ግን የሟቾቹ ማንነት ነው፤ ለኮሚሽኑ ከተገለጹት ተጎጂዎች 75 በመቶው የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ኬቹዋ ወይም ሌላ የነባር ሕዝቦች ቋንቋ ነበር። ሊማ ውስጥ የሚታተም ጋዜጣ የማያነብ፣ አቤቱታ በስፓኒሽ መጻፍ የማይችል ገበሬ ሲሞት ከየትኛውም ዝርዝር ሳይገባ ቀርቶ ነበር ማለት ነው። ክርክሩ የተነሣው ‹ሴንዴሮ ሉሚኖሶ› የተባለው ዐማፂ ቡድን በገደላቸው ሰዎች ላይ ነው። ከኮሚሽኑ በፊት የነበሩት ዝርዝሮች በአብዛኛው በመንግሥት ኃይሎች የተፈጸመውን በደል ለመከታተል የተዘጋጁ ስለነበሩ፣ በዐማፅያኑ የተገደሉትን በተመለከተ ዝርዝሮቹ የሚጋሩት ስም ጥቂት ሆነ፤ ኮሚሽኑም የእነዚህን ብዛት በተዘዋዋሪ ስሌት ለመገመት ተገደደ። በ2019 ሲልቪዮ ሬንዶን የተባለ ተመራማሪ ይህን ስሌት ተችቶ ጠቅላላው ወደ 48,000 የሚጠጋ ነው የሚል ጥናት አሳተመ፤ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ዳንየል ማንሪኬ-ቫሊየር እና ፓትሪክ ቦል ደግሞ መልስ ሰጡ። እኔ ሁለቱን ወገን ካነበብኩ በኋላ ወደ ኮሚሽኑ ግምት አደላለሁ፤ ሆኖም ‹ማን ስንት ገደለ› የሚለው ክፍፍል ከጠቅላላው ድምር ይልቅ በደካማ መሠረት ላይ የቆመ መሆኑን አልክድም።

ግምት ሁልጊዜ ቁጥርን ወደ ላይ የሚገፋ መሣሪያ ተደርጎም መታየት የለበትም። በቦስኒያ ጦርነት ሁለት መቶ ሺህ ሰው ሞቷል የሚለው አባባል ለዓመታት ሲደጋገም ከቆየ በኋላ፣ ሳራዬቮ ውስጥ ያለ የምርምርና የሰነድ ማዕከል ሟቾችን አንድ በአንድ በስም መዝግቦ በ2007 የ97,207 ሰዎችን ዝርዝር ይፋ አደረገ። የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች በሌላ መንገድ ተጉዘው በ2010 ወደ 104,732 የሚጠጋ ግምት ላይ ደረሱ። ሁለት ነጻ ሥራዎች እንዲህ ሲቀራረቡ እምነት የሚጣልበት ነገር ተገኝቷል። ማዕከሉ ግን በየወገኑ ብርቱ ቁጣ ገጥሞታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ የተጎጂዎቹ መከራ ያነሰ የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ። የቅርብ ጊዜውን የሶርያ ግምት ቢያነቡም ይጠቀማሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት በ2022 ከመጋቢት 2011 እስከ መጋቢት 2021 የተገደሉትን ሲቪሎች 306,887 ብሎ ሲያስቀምጥ፣ ከዚህ ውስጥ 143,350 ያህሉ በስም፣ በቀንና በቦታ የተመዘገቡ፣ የቀሩት 163,537 ያህሉ ደግሞ በስሌት የተገመቱ መሆናቸውን ለይቶ ጽፏል። በጽሑፍዎ ሊከተሉት የሚገባ የአጻጻፍ ሥርዓት ካለ ይህ ነው።

ለሽግግር ፍትሕ ከጠቅላላ ድምሩ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ንጽጽር ነው። ፍርድ ቤት ‹ስንት ሰው ሞተ› ከሚለው በላይ ‹ግድያው በአንድ ቡድን ላይ ያነጣጠረ ነበር ወይ› የሚለውን ይፈልጋል። የቀድሞው የጓቲማላ ገዢ ኤፍራይን ሪዮስ ሞንት በ2013 በዘር ማጥፋት ሲከሰስ ለችሎቱ የቀረበው የስታቲስቲክስ ትንታኔ፣ ከሚያዝያ 1982 እስከ ሐምሌ 1983 ኢሺል የተባሉት የማያ ነባር ሕዝቦች በሚኖሩበት አካባቢ የመንግሥት ኃይሎች ከነባሩ ሕዝብ 5.5 በመቶውን፣ ነባር ካልሆነው ነዋሪ ደግሞ 0.7 በመቶውን እንደገደሉ አሳየ። በአንድ አካባቢና በአንድ ዘመን የሚኖሩ ሁለት ሕዝቦች የመገደል ዕድላቸው በስምንት እጥፍ ገደማ ሲለያይ፣ ‹በውጊያ መካከል የደረሰ ጉዳት ነው› የሚለው መከላከያ ይሰነጠቃል። ችሎቱ ጥፋተኛ ብሎ የፈረደው ግንቦት 10 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ከአሥር ቀን በኋላ ፍርዱን በሥነ ሥርዓት ምክንያት ሻረው፤ ስሌቱን ግን ያፈረሰ አልነበረም።

ለጽሑፍዎ የምመክርዎት እንዲህ ነው። አንዱን ቁጥር መርጠው ሌሎቹን አይጣሉ። ለእያንዳንዱ ምንጭ ማን እንደቆጠረ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው፣ በየትኛው አካባቢ፣ ምን ዓይነት ሞት፣ ሲቪልና ተዋጊ ተለይተው እንደሆነ፣ በስም የተመዘገበ ወይም የተገመተ መሆኑንና ወሰኑን በሰንጠረዥ ያስቀምጡ። ይህን ሲያደርጉ ከልዩነቱ አብዛኛው በራሱ ይሟሟል፤ የሚቀረውንም በአንድ አንቀጽ ማብራራት ይቻልዎታል። አማካሪዎ ያዘዙዎትም ይሟላል፤ የሚመርጡት ለምርምር ጥያቄዎ የሚስማማውን መለኪያ ነውና። ጥያቄዎ ስለ ተጠያቂነት ከሆነ በቀጥታ የተገደሉትን፣ ስለ ጦርነቱ ጠቅላላ ጉዳት ከሆነ ከመደበኛው በላይ የሆነውን ሞት ይዘው ይቀጥሉ።

የዓመት ለዓመት ለውጡን በተመለከተ ያንኑ አንድ ምንጭ በጊዜ ውስጥ ማነጻጸር ከሁለት ምንጮች ቅልቅል ይሻላል፤ ግን ምንጩ ራሱ ምን እንደሆነ አብረው ይመርምሩ። ድርጅቱ በየዓመቱ ስንት ቢሮ ነበረው? የትኞቹ አካባቢዎች ተዘግተውበት ነበር? ስልክና መንገድ የተቋረጠው መቼ ነው? የሚከታተለው የጥሰት ዓይነት ተለውጧል? ከድርጅቱ ነጻ የሆነ ሌላ ማስረጃ፣ ለምሳሌ የሆስፒታል መዝገብ፣ የመቃብር መዝገብ ወይም የፖሊስ ቤተ መዛግብት ካለ ሁለቱ አንድ አቅጣጫ ይጠቁሙ እንደሆነ ይመልከቱ። በ2005 ጓቲማላ ውስጥ በአጋጣሚ የተገኘው የብሔራዊ ፖሊስ መዝገብ ቤት 80 ሚሊዮን ገጽ ያህል ይዞ ነበር፤ አጥፊዎች ስለ ራሳቸው የሚጽፉት ነገር ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው በላይ ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር። ከላይ ያሳየሁትን ስሌት ራስዎ ለመሥራት ካሰቡ የታተሙ ድምሮች አይበቁም፤ የሚጋሯቸውን ስሞች ለማወቅ የዝርዝሮቹ ዋና ቅጂ ያስፈልጋል፣ እርሱም የምስክሮችንና የቤተሰቦችን ማንነት የያዘ ስለሆነ ድርጅቶቹ የሚሰጡት በጽሑፍ ስምምነትና በጥብቅ የጥበቃ ግዴታ ነው። ፈቃዱን ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ ከማሟያ ጽሑፍ ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። ያን ያህል ጊዜ ከሌለዎት ስሌቱን ለሌሎች ትተው፣ የታተሙትን ግምቶች በሰንጠረዡ ውስጥ ከነወሰናቸው ያቅርቡ።